ችግሩ ወዴት ተሻገረ? ዳንኤል ኖብልና የፖሊስ ሬዲዮ

እንደምን አመሻችሁ። የዛሬው ንግግር ስለ አንድ መሐንዲስ የሥራ ዘመንና እሱ መሠረት ስለጣለለት መስክ ነው፤ ፖሊስ፣ የእሳት አደጋ ሠራተኛና አምቡላንስ እየተንቀሳቀሱ ስለሚነጋገሩበት ቴክኖሎጂ። መሐንዲሱ ዳንኤል ኖብል ይባላል። በ1901 በአሜሪካ ኮኔቲከት ግዛት ኖጋተክ በምትባል ከተማ ተወለደ፣ በ1980 አረፈ። ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጠራለሁ።

ተንቀሳቃሽ መገናኛ ሲነሳ አብዛኛው ሰው የሚጠራው በ1973 ኒው ዮርክ ላይ በእጅ ስልክ የደወለውን ማርቲን ኩፐርን ነው። ስሙ ይገባዋል። ለዚህ መስክ ግን ከኖብል የተሻለ ማሳያ አላገኘሁም። ኖብል ስሙ ከአንድ ዕቃ ጋር የተያያዘ ፈልሳፊ አይደለም። እሱ የሄደው ችግሩን እየተከተለ ነው። በመጀመሪያ ሬዲዮው ላይ የሚገባውን ጩኸት ገታ፤ ያኔ ችግሩ ወደ ባትሪው ዞረ። ወደ ባትሪው ሲሄድ ችግሩ ወደ ቻናሎች መጣበብ ተሻገረ። እሱ ካረፈ በኋላም ይኸው ሽግግር አልቆመም። ዛሬ የመገናኛ ሥርዓት የሚገዛ መሥሪያ ቤት ሻጩን መጠየቅ ያለበት «ምን ፈታችሁ?» ብቻ ሳይሆን «የፈታችሁት ነገር አሁን የት ብቅ አለ?» ብሎ ነው።

ከኖብል በፊት የነበረውን በአጭሩ ላንሳ። የዲትሮይት ፖሊስ ኤፕሪል 7 ቀን 1928 ለፓትሮል መኪኖች መደበኛ የሬዲዮ ጥሪ ጀመረ። መኪናው ላይ የተገጠመው መቀበያ ብቻ ነበር፤ ጣቢያው ይናገራል፣ መኪናው ይሰማል። መልስ ያለው ፖሊስ መንገድ ዳር ስልክ ይፈልጋል። ቀደም ባሉት የሙከራ ዓመታት ጣቢያው የሚሠራው በመዝናኛ ስርጭት ፈቃድ ስለነበር ሙዚቃም ማሰማት ነበረበት፤ የዘመኑ ደንብ ለፖሊስ ሬዲዮ የሚሆን ሣጥን ገና አላበጀም ነበር። የአንድ አቅጣጫ ጥሪ ትልቁ ድክመት ላኪው መልእክቱ መድረሱን አለማወቁ ነው። መኪናው ድልድይ ሥር ይሁን፣ መቀበያው ይቃጠል፣ ፖሊሱ ከመኪናው ይውረድ፣ ጣቢያው የሚያውቀው ነገር የለም። ስለዚህ ያንኑ ጥሪ ይደጋግማል፣ የአየር ጊዜውም በድግግሞሽ ያልቃል።

በ1933 የኒው ጀርሲዋ ቤዮን ከተማ ፖሊስ መኪናው ራሱ የሚመልስበትን የሁለት አቅጣጫ ሬዲዮ ሥራ ላይ አዋለ። ትልቅ እርምጃ ነበር። ግን ኤ ኤም ነበር፤ የኤ ኤም ጠላት ደግሞ ሬዲዮውን የተሸከመው መኪና ራሱ ነው።

ለምን? በኤ ኤም ድምፁ የተጻፈው በሞገዱ ቁመት ላይ ነው፤ ቁመቱ ከፍ ዝቅ ሲል መቀበያው ያን ወደ ድምፅ ይመልሰዋል። የሞተሩ ካንዴላ እሳት በረጨ ቁጥር በጊዜ አጭር፣ በቁመት ግን ረጅም የሆነ የሬዲዮ ምት ይለቃል። ይህ ምት በሞገዱ ቁመት ላይ ይደመራል። መቀበያው የትኛው የሰው ድምፅ፣ የትኛው የካንዴላ እንደሆነ መለየት አይችልም። መኪናው ሲፈጥን ምቱም ይፈጥናል፤ ፖሊሱ ሬዲዮውን አብዝቶ በሚፈልግበት ሰዓት፣ ማለትም ሲያሳድድ፣ ጩኸቱ ከምንጊዜውም ይብሳል። ከዚህም ሌላ መኪናው በሕንጻዎች መካከል ሲያልፍ የሚደርሰው ሞገድ በሰከንድ ብዙ ጊዜ ይጠነክራል፣ ይደክማል፤ ኤ ኤም ይህንንም እንደ ድምፅ ይቆጥረዋል።

ኤድዊን አርምስትሮንግ በ1933 መጨረሻ የባለሰፊ ስፋት ኤፍ ኤም ፓተንቶቹን አገኘ። በኤፍ ኤም ድምፁ የሚጻፈው በቁመቱ ላይ ሳይሆን በድግግሞሹ ላይ ነው። ስለዚህ መቀበያው ውስጥ ሊሚተር የሚባል ክፍል ይገባል፤ ሥራው የሞገዱን ጫፍና ግርጌ እኩል ቆርጦ ቁመቱን አንድ ወጥ ማድረግ ነው። የካንዴላው ምት የተቀመጠው እዚያ በሚቆረጠው ጫፍ ላይ ስለሆነ አብሮ ይሄዳል። አንድ ሁኔታ ግን አለ፤ የሚመጣው ሞገድ ሊሚተሩን ለማጥገብ የሚበቃ ጉልበት ሊኖረው ይገባል። ከዚያ በታች ከወረደ ኤፍ ኤም ከኤ ኤም የሚሻልበት ነገር በፍጥነት ይጠፋል። «ኤፍ ኤም ጩኸት የለውም» የሚለው አባባል እውነት የሚሆነው ከዚህ ደፍ በላይ ብቻ ነው።

ኖብል በዚያን ጊዜ ስቶርስ በሚገኘው የኮኔቲከት ኮሌጅ መምህር ነበር፤ ኮሌጁ በኋላ የኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። በአካባቢው የኤፍ ኤም ብሮድካስት ጣቢያ ሲተከልም አማክሯል። የግዛቱ ፖሊስ በሁሉም መንገድ ላይ ከመኪኖቹ ጋር ለመነጋገር ሲፈልግ ኖብል ሥርዓቱን በኤፍ ኤም ነደፈው። ዕቃውን የሠራው የኒው ዮርኩ ፍሬድ ሊንክ ነው። በ1940 ሥራ ላይ ሲውል ግዛትን ሙሉ የሚሸፍን የመጀመሪያው የሁለት አቅጣጫ የኤፍ ኤም ፖሊስ ሬዲዮ ሆነ። ኤፍ ኤምን የፈለሰፈው አርምስትሮንግ ነው፤ ኖብል ያደረገው ኤፍ ኤም ለሙዚቃ ብቻ ሳይሆን እየሮጠ ላለ መኪና እንደሚሆን በተግባር ማሳየት ነው። በእኔ ሚዛን ይህ ከመጀመሪያው ፈጠራ አያንስም።

ለፖሊስ የጠቀመው የጩኸቱ መቀነስ ብቻ አልነበረም። በኤፍ ኤም ሁለት ጣቢያዎች በአንድ ድግግሞሽ ሲናገሩ ጠንካራው ደካማውን ይውጠዋል። በኤ ኤም ግን ሁለቱም በአንድነት ይሰማሉ፣ በመካከላቸውም ፉጨት ይፈጠራል። ለሰፊ ግዛት ይህ ማለት ብዙ ጣቢያዎች አንድ ድግግሞሽ ሊጋሩ ይችላሉ ማለት ነው፤ መኪናው የሚሰማው የቀረበውን ነው። ይኸው ጠባይ ግን ጉዳትም አለው። አንድ ፖሊስ ከሩቅ «እርዳታ» ብሎ ሲጠራ ሌላው ከቅርብ ስለ ምሳ ሰዓት ቢያወራ፣ የሩቁ ጥሪ በማንም ጆሮ አይገባም። ፉጨት እንኳ የለም። ሁለት ሰው እንደተናገረ ማንም አያውቅም። በአውሮፕላን መገናኛ እስከ ዛሬ ኤ ኤም የቆየበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ እዚያ ፉጨቱ «ሌላም ሰው እየጠራ ነው» የሚል ማስጠንቀቂያ ሆኖ ያገለግላል።

የዚያ ዘመን የፖሊስ ሬዲዮ የሚሠራው ከ30 እስከ 40 ሜጋኸርዝ አካባቢ ነበር። በ39 ሜጋኸርዝ የሞገዱ ርዝመት 7.7 ሜትር ነው፤ የሩብ ሞገድ አንቴና ደግሞ 1.92 ሜትር ይሆናል። በአሮጌ ፎቶዎች ላይ ከፖሊስ መኪና የኋላ መከላከያ ተነስቶ የሚወዛወዘው ረጅም ዘንግ ይኸው ነው። በ155 ሜጋኸርዝ አንቴናው 48 ሴንቲ ሜትር፣ በ460 ወደ 16፣ በ800 ደግሞ ከ10 ሴንቲ ሜትር በታች ይሆናል። አንቴናው ካጠረ ጣሪያው መሀል ላይ መትከል ይቻላል፤ ጣሪያው እንደ ሁለተኛው የአንቴና ግማሽ ስለሚያገለግል ሞገዱ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይወጣል። ጥግ ላይ ከተተከለ ሰፊው ብረት ወደሚገኝበት አቅጣጫ ያደላል፣ በሌላው በኩል ይደክማል። ቀላል ነገር ይመስላል፤ ግን «ይህ መኪና ወደ ደቡብ ሲሄድ ብቻ አይሰማም» የሚል ቅሬታ ሲመጣ ሬዲዮውን ከመፍታት በፊት የሚታየው የአንቴናው ቦታ ነው።

ዝቅተኛው ድግግሞሽ ኮረብታ ላይ ጎንበስ ስለሚል ለገጠር መንገድ ይመቻል። የፀሐይ እንቅስቃሴ በሚያይልባቸው ዓመታት ግን ከ30 እስከ 50 ሜጋኸርዝ ያለው ሞገድ ከላይኛው ከባቢ አየር እየነጠረ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትሮች ርቀት ይወርዳል። ያኔ የአንዱ ግዛት ጥሪ በሌላው ግዛት መኪና ውስጥ ይሰማል፤ ጠንካራው ደካማውን ይውጣል ብለናልና፣ የሩቁ ጣቢያ የራስን ጣቢያ ሊሸፍን ይችላል። ኋላ ፖሊሶች ወደ 150ና 450 ሜጋኸርዝ ከሸሹባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው።

ሌላው የዚህ ዓይነት ሥርዓት ደካማ ጎን የኃይል አለመመጣጠን ነው። ጣቢያው 250 ዋት፣ መኪናው 25 ዋት ቢሆን ልዩነቱ 10 ዲሲቤል፣ ማለትም አሥር እጥፍ ነው። ጣቢያው ለመኪናው በደንብ ይሰማል፣ መኪናው ግን ለጣቢያው አይሰማም። ፖሊሱ «ሰምቻለሁ» ይላል፣ ጣቢያው «መልስ የለም» ብሎ ይደግማል። የተለመደው የተሳሳተ መፍትሔ የጣቢያውን ኃይል መጨመር ነው፤ ይህ ክፍተቱን ያሰፋዋል። ትክክለኛው መቀበያዎችን ማብዛት ነው። በተለያዩ ኮረብታዎች ላይ መቀበያ ብቻ ይተከላል፤ ሁሉም የሰሙትን ወደ ማዕከል ይልካሉ፤ እዚያ ያለ መሣሪያ የጠራውን እየመረጠ ለኦፕሬተሩ ያስተላልፋል። መሣሪያው በእያንዳንዱ መስመር ላይ ያለውን ሹሹታ ይለካል፣ ሹሹታው ያነሰውን ይመርጣል። ይህ ሥርዓት የሚበላሸው አንዱ የስልክ መስመር ከሌሎቹ ድምፁ ዝቅ ሲል ነው። የዚያ መስመር ሹሹታም አብሮ ዝቅ ስለሚል መሣሪያው ጥራት ያለው መስሎት ይመርጠዋል፤ ኦፕሬተሩም ጥሩ መቀበያ እያለ የታፈነ ድምፅ ይሰማል። ስለዚህ የሁሉም መስመር የድምፅ መጠን በአንድ የሙከራ ቶን እኩል መስተካከል አለበት፣ ይህም በየጊዜው መደገም አለበት።

በ1940 የጋልቪን ኩባንያ ባለቤት ፖል ጋልቪን ኖብልን ወደ ቺካጎ ወሰደው። ኩባንያው በ1947 ስሙን ሞቶሮላ አለ። ጦርነቱ እየቀረበ ነበር። ኩባንያው ኤስ ሲ አር-536 የተባለውን በእጅ የሚያዝ ሬዲዮ ይሠራ ነበር፤ ክብደቱ ወደ 2.3 ኪሎ፣ አምስት ቫኪዩም ቲዩብ (ውስጡ ያለው ክር ሲግል የሚሠራ አየር የሌለው ቱቦ) ያለው፣ በኤ ኤም የሚሠራ። ኖብል በጀርባ የሚታዘለው ሬዲዮ ኤፍ ኤም ይሁን ብሎ ተከራከረ፤ ውጤቱ ኤስ ሲ አር-300 ነው። ከፖላንድ የመጣው መሐንዲስ ሄንሪክ ማግኑስኪ ከዋነኞቹ ሠሪዎች አንዱ ነበር። ከ40 እስከ 48 ሜጋኸርዝ፣ 41 ቻናሎች፣ 18 ቲዩቦች፣ ክብደቱ ወደ 16 ኪሎ፣ የሚደርስበት ርቀት ወደ 5 ኪሎ ሜትር። በመጀመሪያ ዎኪቶኪ የተባለው ይህ የጀርባ ሬዲዮ ነው፤ በእጅ የሚያዘው ሃንዲቶኪ ይባል ነበር። ስሙ ኋላ ተቀያየጠ።

የኤስ ሲ አር-300 ክብደት ትልቅ ድርሻ የባትሪው ነበር። የሬዲዮው ኤሌክትሮኒክስ ወታደሩን አልከበደውም፤ የከበደው ቲዩብን ማሞቅ ነው። ሰው ባይናገርም እንኳ ክሩ መቃጠል አለበት። ጩኸቱ ተፈታ፣ ችግሩ ወደ ባትሪ ተሻገረ ያልኩት ይህን ነው።

በፖሊስ መኪናም ያው ነበር። በግምት እናስላው። የዚያ ዘመን መኪና ባትሪ 6 ቮልት ነው። 30 ዋት የሚያወጣ ማሰራጫ ከባትሪው ቢያንስ 150 ዋት ይስባል እንበል፤ ይህ 25 አምፒር ነው። ለቲዩቦቹ የሚያስፈልገውን ብዙ መቶ ቮልት የሚያመጣው ዳይናሞተር የሚባል ሞተርና ጄኔሬተር በአንድ ዘንግ ላይ ነው፤ ማይኩን በተጫኑ ቁጥር እየጮኸ ይነሳል። ኬብሉና ማያያዣዎቹ 0.02 ኦም ብቻ መቋቋም ቢኖራቸው 25 አምፒር ሲያልፍ 0.5 ቮልት ይጠፋል። ከ6 ቮልት ላይ ይህ ከ8 በመቶ በላይ ነው፤ የቲዩቦቹ ሙቀት ይወርዳል፣ የሚወጣው ኃይል ከዚያም አብልጦ ይወርዳል። ዝም ብሎ ለመስማት ብቻ መቀበያው 6 አምፒር ቢስብ፣ የ8 ሰዓት ፈረቃ 48 አምፒር ሰዓት ነው፤ 100 አምፒር ሰዓት ያለው አዲስ ባትሪ ግማሹን ያጣል። ስለዚህ ፖሊሱ ቆሞ ሲጠብቅ ሞተሩን አያጠፋም ነበር።

ይህ የመኪና ላይ ስሌት ዛሬም አልሞተም። 12 ቮልት ስለሆነ የኬብሉ ጉዳት ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። የሬዲዮው መስመር በቀጥታ ከባትሪው መምጣት አለበት፤ ከመብራት ወይም ከሲጋራ ማቀጣጠያ መስመር መቀጠል አይገባም። ፊውዙ ከባትሪው አጠገብ ይሁን። ሬዲዮው ዘንድ ብቻ ከተቀመጠ፣ ኬብሉ ከባትሪው ወደ ውስጥ በሚገባበት ቀዳዳ ላይ ተልጦ ብረት ቢነካ የሚቆርጠው ነገር የለም፣ መኪናው ይቃጠላል። ሬዲዮ ገጣሚዎች ይህን ሁሉ ያውቁታል፤ ሆኖም ከሚቸኩል ሥራ ላይ መጀመሪያ የሚዘለለው እሱ ነው።

በ1949 ኖብል ሞቶሮላን አሳምኖ በአሪዞና ግዛት ፊኒክስ ከተማ የምርምር ላብራቶሪ ከፈተ። የላብራቶሪው ዋና ሥራ ትራንዚስተር፣ ማለትም የሚግል ክር ሳያስፈልገው የቲዩብን ሥራ የሚሠራው ትንሽ ክፍል፣ ሆነ። ለሬዲዮ ኩባንያ ይህ ግልጽ ውሳኔ አልነበረም፤ ትራንዚስተር ከተፈለሰፈ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም፣ ይወደዳል፣ በሙቀት ይበላሻል፣ ከፍ ባለ ድግግሞሽ ይደክማል። ሁሉም የባትሪው ችግር ላይ ባትሪውን በማሻሻል ሲመጣ ኖብል የመጣው ባትሪውን የሚበላውን በመቀየር ነው። በ1958 የወጣው ሞትራክ የተባለው የመኪና ሬዲዮ መቀበያውና ኃይል አቅራቢው ሙሉ በሙሉ በትራንዚስተር የሚሠራ ሆነ፤ ሞተሩን አጥፍቶ ሬዲዮ መስማት ተቻለ። በ1962 ደግሞ ኤች ቲ-200 የተባለው በእጅ የሚያዝ የኤፍ ኤም ሬዲዮ ወጣ፤ ሙሉ በሙሉ ትራንዚስተር፣ ክብደቱ ከአንድ ኪሎ ያነሰ። ቅርጹን አይተው ሰዎች «ጡብ» አሉት። ፖሊሱ ከመኪናው ከወረደ በኋላም መገናኘት ቻለ።

ከዚያ ወዲያ ችግሩ ወደ ሰውነት ተሻገረ። በመኪና ጣሪያ ላይ ያለ አንቴና ክፍት ሜዳ ነው፤ በወገብ ላይ ያለ አንቴና ግን አንድ ጎኑ በሰው ሥጋ ተሸፍኗል፣ ሥጋ ደግሞ የሬዲዮ ሞገድን ይመጥጣል። ሬዲዮውን ከፊት አንስቶ በመናገርና በቀበቶ ላይ ትቶ በትከሻ ማይክ በመናገር መካከል ያለው ልዩነት 10 ዲሲቤልና ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። 5 ዋት ግማሽ ዋት ሆነ ማለት ነው። ሽፋን ሲለካ መኪና ላይ አንቴና ተክሎ ከተማውን መዞር ቀላል ነው፣ ውጤቱም ያማረ ካርታ ይሰጣል። ካርታው ግን በወገቡ ላይ ሬዲዮ ይዞ ምድር ቤት ስለሚገባው ሰው ምንም አይናገርም።

ሬዲዮው ረከሰ፣ ቀለለ፣ በዛ፤ ያኔ የጎደለው ቻናል ሆነ። አንድ ቻናል ለብዙ መሥሪያ ቤት ሲሰጥ በየመሀሉ የሌላ ሰው ወሬ መስማት ያሰለቻል። ለዚህ የመጣው ቴክኒክ ሬዲዮው ለጆሮ ከሚያሰማው የድምፅ ክልል በታች የሆነ ቶን፣ ከ67 እስከ 250 ኸርዝ ገደማ፣ ከድምፁ ጋር መላክ ነው። መቀበያው የራሱን ቶን ካልሰማ ድምፁን አይከፍትም። ሰዎች ይህን «የግል መስመር» ይሉታል፤ ስሙ አሳሳች ነው። ቻናሉ የግል አልሆነም፣ የሌላው ወሬ ጠፍቶ ሳይሆን ተደብቆ ነው። ፖሊሱ ዝምታ ስለሰማ ማይኩን ይጫናል፣ በሌላ መሥሪያ ቤት ጥሪ ላይ ይወጣል፣ ሁለቱም ይጠፋሉ። ስለዚህ ቶን ያለው ሬዲዮ ከመናገሩ በፊት ቻናሉ ባዶ መሆኑን ራሱ እንዲያይ በፕሮግራሙ ላይ ማስተካከል ያስፈልጋል። ማይኩን ከመስቀያው ሲያነሱ ቶኑ ተሰርዞ ሁሉም ድምፅ እንዲሰማ የሚደረገውም ለዚህ ነው።

ስኩዌልች፣ ማለትም ሹሹታውን ዝም የሚያሰኘው መቆጣጠሪያ፣ ተመሳሳይ ወጥመድ አለው። ሹሹታ የጠላ ሰው አጥብቆ ይዘጋዋል፤ ከሩቅ የሚመጣ ደካማ ጥሪ አብሮ ይዘጋል። ትክክለኛው አሠራር ሹሹታው እስኪሰማ መክፈት፣ ከዚያ ዝም እስኪል ድረስ ብቻ ትንሽ መመለስ ነው።

ቻናልን በማጥበብም መንገድ ተሞከረ። የድሮው የኤፍ ኤም ድምፅ በሁለቱም ጎን 15 ኪሎኸርዝ ይወዛወዝ ነበር፤ ከዚያ ወደ 5 ወረደ፤ የአሜሪካ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ከ2013 መጀመሪያ ጀምሮ ደግሞ ከ150 እስከ 174ና ከ421 እስከ 470 ሜጋኸርዝ ባሉት ክልሎች የሚሠሩ ሬዲዮዎች ቻናላቸው ከ12.5 ኪሎኸርዝ እንዳያልፍ ወይም ያንኑ ያህል ቁጠባ እንዲኖራቸው አስገደደ። መወዛወዙ ወደ 2.5 ወረደ። ቻናሉ በእጥፍ በዛ፤ ሰፊው ኤፍ ኤም ጩኸትን የሚያሸንፍበት ጉልበት ግን ከስፋቱ ስለሚመጣ፣ ስፋቱ ሲቀነስ ርቀቱም አብሮ ተቀነሰ። የአርምስትሮንግ ትርፍ ከፊሉ ተመለሰ ማለት ይቻላል።

ቀጥሎ የመጣው ትራንኪንግ ነው። ኮምፒውተር ቻናሎቹን በሙሉ ይይዛል፤ ማይኩን ሲጫኑ ለቡድንዎ ነፃ የሆነውን ይሰጣል፣ ሲጨርሱ ይመልሰዋል። በአዘቦት ቀን ድንቅ ነው። በትልቅ አደጋ ቀን ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጫናል፣ «ሥራ በዝቷል» የሚል ድምፅ ይመጣል። ከዚህ በላይ እዚህ አልቆይም።

ዲጂታሉ ላይ ግን ልቆይ። ፕሮጀክት 25 የተባለው የአሜሪካ ደረጃ ሥራው በ1989 ተጀመረ፤ በአውሮፓ ቴትራ በ1995 ደረጃ ሆኖ ወጣ፣ በ25 ኪሎኸርዝ ውስጥ አራት ሰው በተራ ያናግራል። በፕሮጀክት 25 የመጀመሪያው አሠራር በሰከንድ 9,600 ቢት ይሄዳል፤ ከዚህ ውስጥ ለድምፁ ራሱ የሚቀረው 4,400 ብቻ ነው፣ የተቀረው ስህተት ለማረምና ለምልክት ነው። በ4,400 ቢት ድምፅን እንዳለ መላክ አይቻልም። ስለዚህ ቮኮደር የሚባለው ክፍል ድምፁን አይልክም፤ በየ20 ሚሊሰከንዱ «የሰው ጉሮሮ በዚህ ቃና፣ በዚህ ቅርጽ ነው» የሚል መግለጫ ይልካል፣ ተቀባዩ ከመግለጫው ድምፅ ይሠራል። እሳት አደጋ ሠራተኛው አጠገብ የሞተር መጋዝ ወይም የሠራተኛውን አለመንቀሳቀስ የሚያሳውቀው ደወል ሲጮኽ ቮኮደሩ ያንን ሁሉ እንደ ጉሮሮ ይገልጸዋል። በተቀባዩ በኩል የሚወጣው ለመረዳት የሚያስቸግር ጉርግርታ ነው። በኤፍ ኤም ቢሆን መጋዙም ሰውየውም በአንድነት ይሰማሉ፤ ጆሮ ደግሞ መለየት ያውቅበታል።

አዳዲሶቹ ሬዲዮዎች በሁለት ማይክ ጩኸቱን ይቀንሳሉ፣ ረድቷል። ሌላው በሥልጠና የሚመጣ ነው፤ ማይኩን ከአፍ ከሦስት እስከ አምስት ሴንቲ ሜትር ማራቅ፣ ጀርባን ለጩኸቱ ሰጥቶ ማይኩን በሰውነት መከለል፣ ከተጫኑ በኋላ የፈቃድ ድምፁን ሰምቶ መናገር። ይህን ያልጠበቀ ሰው የመጀመሪያ ቃሉ ይቆረጣል። «አትግቡ» ከተባለው ውስጥ «ግቡ» ብቻ ቢደርስ የሚሆነውን መገመት አያዳግትም። ዲጂታል ሌላም ጠባይ አለው፤ ሽፋኑ ሲያልቅ በኤፍ ኤም ሹሹታው ቀስ እያለ እየጨመረ ያስጠነቅቃል፣ በዲጂታል ግን ድምፁ እስከ ጠርዙ ጥርት ብሎ ይመጣና በአንድ እርምጃ ይጠፋል።

እስካሁን ሁሉም የሬዲዮ ጉዳይ ነበር። ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ችግሩ ወደ ቁልፍ ተሻገረ። በዓለም ንግድ ማዕከል ከ1993ቱ ፍንዳታ በኋላ የእሳት አደጋ ሠራተኞች በረጃጅሞቹ ሕንጻዎች ውስጥ እንዲደማመጡ ሪፒተር፣ ማለትም ደካማውን ጥሪ ተቀብሎ አጠንክሮ መልሶ የሚያሰራጭ መሣሪያ፣ ተተክሎ ነበር። ጉዳዩን የመረመረው ብሔራዊ ኮሚሽን እንደጻፈው፣ መቆጣጠሪያው ላይ አንዱ ቁልፍ ሪፒተሩን ያነሳል፣ ሁለተኛው ደግሞ አዛዦቹ እዚያው ሆነው የሚነጋገሩበትን እጀታ ያገናኛል። የመጀመሪያው ተጫነ፣ ሁለተኛው አልተጫነም። አዛዦቹ በሰሜኑ ሕንጻ መግቢያ ሲሞክሩት ስላልሰማ ተበላሽቷል ብለው ተዉት። ሪፒተሩ ግን ይሠራ ነበር፤ በደቡቡ ሕንጻ ጥቂት ሠራተኞች ተጠቅመውበታል። በዚያ ቀን 343 የኒው ዮርክ የእሳት አደጋ ክፍል አባላት ሞቱ። ለሞታቸው ይህ ቁልፍ ብቻውን ምክንያት ነው ማለት አይቻልም፤ ቻናሉም ተጨናንቆ ነበር፣ እንዲወጡ የተላለፈውን ጥሪ የሰሙም ሁሉ አልወረዱም። ለመሐንዲስ የሚቀረው ጥያቄ ግን ጠባብና ግልጽ ነው፤ ግማሽ የተከፈተ መሣሪያ ከተበላሸ መሣሪያ በምን ይለያል? መለያ መብራት ወይም የራሱ የመልስ ቶን ከሌለው በጭንቅ ሰዓት አይለይም።

ከዚያ ቀን የወጣው ክርክር በ2012 ሕግ ሆነ። የአሜሪካ ምክር ቤት ለአደጋ ሠራተኞች በ700 ሜጋኸርዝ አካባቢ 20 ሜጋኸርዝ ስፋትና 7 ቢሊዮን ዶላር መደበ፤ ፈርስትኔት ተመሠረተ፣ በ2017 የስልክ ኩባንያው ኤቲ ኤንድ ቲ ለ25 ዓመት ግንባታውንና አሠራሩን ያዘ። መሠረቱ የሞባይል ስልክ ኔትወርክ ነው፤ ለአደጋ ሠራተኛ ቅድሚያ ይሰጣል፣ ካስፈለገም ሌላውን ተጠቃሚ አስወጥቶ ያስገባል። ዓለም አቀፉ የሞባይል ደረጃ በ2016 በስልክ ላይ እንደ ሬዲዮ ተጭኖ መናገርን ጨመረ፤ ከተጫኑ እስከ ፈቃዱ ከ300 ሚሊሰከንድ በታች እንዲሆን ይጠይቃል።

ካርታ፣ ምስል፣ የሠራተኛው ቦታ፣ ሁሉም በዚህ ይሄዳል፤ ሬዲዮ ይህን ሁሉ አይችልም። ችግሩ የተሻገረው ማማው ወደሌለበት ነው። ተራ ስልክ የሚያወጣው 0.2 ዋት ነው። ለዚህ ኔትወርክ የተፈቀደው ባለከፍተኛ ኃይል መሣሪያ 1.25 ዋት ይደርሳል፣ ያም ከማማ ጋር ለመገናኘት ነው። የፖሊስ የእጅ ሬዲዮ 5 ዋት አውጥቶ ያለ ምንም ማማ በቀጥታ ከአጠገቡ ካለው ሬዲዮ ጋር ይነጋገራል። በ5 ዋትና በ0.2 ዋት መካከል 14 ዲሲቤል አለ፤ ስልኩ ደግሞ ቀጥታ ንግግሩን ከቻለ እንኳ በዚያች አነስተኛ ኃይልና በጠበበች አንቴና ነው። ሁለት ሠራተኞች በአንድ ምድር ቤት ውስጥ ሆነው ስልኮቻቸው ማማ ካጡ ሊጠፋፉ ይችላሉ። ሬዲዮን በስልክ ለመተካት የሚቸኩሉ መሥሪያ ቤቶች እዚህ ላይ ቢዘገዩ ይሻላል ባይ ነኝ፤ ለጊዜው ሁለቱንም መያዝ ውድ ነው፣ ግን ምክንያት አለው።

የሚተካ ከሆነ ከመረከብ በፊት የሚደረጉ ፈተናዎች አሉ። ከማማው ጀርባ ያለውን የፋይበር መስመር ቆርጦ ማየት፤ ማማው ምልክት እያሳየ ማንም የማይሰማበት ሁኔታ ይፈጠራል፣ የስልኩ ስክሪን ግን «ኔትወርክ አለ» ይላል። ስልኩን በብርድም በሙቀትም በሙሉ ፈረቃ ማሠራት፤ ደካማ ምልክት ባለበት ቦታ ስልኩ ኃይሉን እስከ ጣሪያው ስለሚያደርስ ባትሪው በቢሮ ውስጥ ከተለካው በጣም ያንሳል። ሠራተኛው ጓንት አድርጎ፣ ስክሪኑ ተቆልፎ እንዲጫን ማድረግ፤ ወፍራም ጓንት ስክሪን አይነካም፣ ስለዚህ በጎን የተሠራ እውነተኛ ቁልፍ ያስፈልጋል። ያ ቁልፍም ቢሆን የስልኩ ባትሪ ቆጣቢ አፕሊኬሽኑን ከዘጋው የሚያስነሳው ነገር ስለሌለው፣ አፕሊኬሽኑ በየስልኩ ከባትሪ ቁጠባው ዝርዝር መውጣት አለበት፤ የስልኩ ሶፍትዌር በታደሰ ቁጥርም ያ ቅንብር ወደ ቀድሞው አለመመለሱ ይታይ።